ጋሽ ታደለ ሞተር ቀየሩ

አሮጌ ፒካፕ ውስጥ አዲስ ሞተር የሚያስገባ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በሯ በገመድ ታስሯል፣ ፍሬቻዋ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ሆዷ ውስጥ ግን የጎረምሳ ልብ ይመታል። እኔ አጋጥሞኛል፤ እሪ በከንቱ ሰፈር ያሉ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጋሽ ታደለ።

ፒካፓቸው ተገፍታ እንጂ በቁልፍ ተነስታ አታውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ወንድ ከኋላዋ ይሰለፋል። ማን ታመመ፣ ማን ልጁን ሊድር ነው፣ ማን ከሚስቱ ተጣላ፣ ሁሉም የሚሰማው እዚያው እየገፉ ነው። ያልገፋ ሰው ምን ወሬ ያገኛል?

አዲሱ ሞተር በገባ ማግስት እንደ ልማዳችን ተደገፍናት። ጋሽ ታደለ ቁልፉን ጠመዘዙት። ፒካፗ ተፈተለከች፤ እኛ በግንባራችን ኮብልስቶኑን ተሳለምን። አንዱ አቧራውን እያራገፈ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!» አለ። ማን ሰምቶት? እሳቸው አራት ኪሎ ደርሰዋል።

ከዚያ ወዲህ ደህና አደሩ ሳንላቸው ይሄዱ ጀመር። ግድግዳ የሚጋሯቸውን ጎረቤት ሞት እንኳ የሰሙት ከሠልስት በኋላ ነው።

ትናንት ጠዋት ታዲያ ፒካፗ አጠገብ ቆመው፣ «እስቲ ልጆች፣ ግፉኝ» አሉን።

«ምነው ጋሼ፣ አዲሱ ሞተር እምቢ አለ?»

«ብርድ አይወድም መሰለኝ።»

ገብተው ሲቀመጡ ቁልፉ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሲንቃጨል ሁላችንም ሰማን። እንደ ድሮው ከኋላዋ ተሰልፈን ገፋን። ገና ጎማዋ መዞር ከመጀመሩ አንገታቸውን በመስኮት አወጡና፣

«እሺ፣ ማን ታመመ?» አሉ።