ትንሽ አሞታል

የአስካለች የቢሮ ባልደረባ ክብረት ከቢፒአር ስልጠና ሲመለስ በሩ ላይ ሆኖ፣ «አስኩ፣ ያ ኤርሳዶ ሞተ አሉ። ስቴፕለሩን አቀብዪኝ እስቲ» አላት። አስካለች አቀበለችው። መርዶ እንዲህም ይነገራል ለካ፣ አለች በልቧ።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ መርዶ ነጋሪ የሌለው ሰፈር የለም፤ እንደ ጋሽ ኤርሳዶ ያለ ግን አንድ ብቻ ነበር። ሰፈሩ «ክቡር ሚኒስትር» ይላቸዋል። ያንን ግራጫ ካፖርት ደርበው ብቅ ካሉ ሴቶች ነጠላ ማዘቅዘቅ ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ ሰው ሊጠሩ ቢወጡ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ አምስት ቤት ለቅሶ ተነሳ። አንዷማ ሠርግ መሆኑን ከሰማች በኋላ እንኳ፣ «የጀመርኩትን ልጨርስ» ብላ አልቅሳለች።

ሥርዓታቸው የታወቀ ነው። መጀመሪያ፣ «ምሳ በላችሁ?» ይላሉ፤ በባዶ ሆድ አይለቀስም። ቀጥሎ በእጅ ያለውን ይቀበላሉ፤ ሕፃን ከሆነ ሕፃኑን፣ ቢላዋ ከሆነ ቢላዋውን። ከዚያ፣ «እገሌን ትንሽ አሞታል፤ እስቲ አብረን ሄደን እንየው።» «ሞተ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ለምን ሲባሉ፣ «ቃል እንደ ትኩስ የቦዬ ሥር ነው፤ ከድስት አውጥተው ሰው እጅ ላይ አይጥሉትም» ይላሉ።

አስካለች ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ተቀይማቸው ነበር። ባሏ ሶርሳ፣ ገሱባ ከተማ ሲያስተምር ሞቶ፣ እሳቸው «ትንሽ አሞታል» ስላሏት፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሾርባ ፔርሙስ ታቅፋ ሄደች። ለሬሳ ሾርባ! «እኔ ብሆን በቀጥታ ነበር የምናገረው» ስትል ያልሰማት የለም።

ስለዚህ እድርተኛው ቦምቤ ለሚኖሩት ለጋሽ ኤርሳዶ እህት መርዶ የሚያደርስ ሲፈልግ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። «በይ እንግዲህ፣ በቀጥታ ተናገሪያ!» አሏት።

መንገዱን ሙሉ «ጋሽ ኤርሳዶ ሞተዋል» የሚለውን በአማርኛም በወላይትኛም ስታጠና ሄደች። እማማ ቦሼ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቦዬ ይልጣሉ።

«እማማ፣ ቢላዋውን ይስጡኝ እስቲ። ምሳ በሉ?»

ቦሼ ቀና አሉ። «ኧረ ማን ሞተ? ኤርሳዶ ነው የላከሽ? ራሱ ለምን አልመጣም?»

አስካለች አፏን ከፈተች። ያጠናችው ሁሉ ጠፋ።

«ትንሽ አሟቸዋል።»

«ትንሽ?»

«ትንሽ።»

አሮጊቷ ቢላዋውን ሰጧት። ተነስተው ከድስቱ የበሰለውን አወጡና በእንሰት ቅጠል ጠቀለሉት። «ሲያመው ይህን ነው የሚወደው» አሉ።

አሁን ወደ ሶዶ የሚወስዳቸው ሚኒባስ አረካን አልፏል። ጥቅሉ ቦሼ ጭን ላይ ነው፤ ገና ይሞቃል። አስካለች ያን የገሱባ መንገድ ታስባለች። ያን ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ባል ነበራት። ይህን ለጋሽ ኤርሳዶ ሳትነግራቸው ቀረች።

ለእማማ ቦሼም ገና አልነገረቻቸውም።