የቅበላ ዕለት የተሸጠ ቅቅል

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ሰው ፊት ስናገር እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ግን «ተይው» ባዮችን እንዴት ዝም ብዬ ልለፋቸው? እናንተ ሰፈር የሉም? የሌላውን በደል በአንድ ቃል የሚጨርሱ ደጎች!

እዚህ ቀየት ከተማ፣ እትዬ ዘርፌ የሚባሉ ባለ ምግብ ቤት አስቀድሞ ለከፈለ ሰው አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ የበግ ቅቅል ምሳ እንሰጣለን አሉ። እኔም ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ ተክዬ ካገኘኋት ገንዘብ ላይ ከፈልኩ። ዕለቱ ቅበላ ነበር። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ገባ። ወሩ ከፋሲካ በኋላ ይጀምራል ብዬ፣ ጾሙን ቤቴ ሽሮ እየበላሁ ጠበቅኩ። ፋሲካ አልፎ እጄን ታጥቤ ብቀመጥ፣

«ወርሽ እኮ አልቋል» አሉኝ። «ጾሙን እኔ አላወጅኩት!»

«ተይው» ባዮች ወዲያው ደረሱ። «ለሆዷ ከሰሰች ከምትባዪ ተይው፤ ኋላ ማን ያገባሻል?»

አልተውኩም። የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከሰስኩ። በችሎቱ ቀን ነፍስ የጠፋ ይመስል ገበያተኛው ሁሉ ግቢውን ሞላው። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

«እትዬ፣ ጾሙን እርስዎ አላወጁትም። ግን በጾሙ አንድ ቀን እንኳ ቅቅል ቀቅለዋል?»

እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሽማግሌው ዳኛ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ወሩ ከነገ ይጀምር ብለው ፈረዱ። ስወጣ ሁለት «ተይው» ባዮች ተከትለውኝ፣ «እኛም እኮ ከፍለን ነበር» ብለው አንሾካሾኩ። ተዉት እንዳልላቸው ምላሴን ነከስኩ።

በማግስቱ እትዬ ዘርፌ ቅቅሉን ፊቴ አስቀምጠው ጎንበስ አሉ።

«ጨው ካነሰው ለእኔ ንገሪኝ፤ ዳኛው ጋ አትሂጂ።»