ሽበት አይደለም፣ ሞስ ነው

በየከተማው አንድ ሰው አለ፤ የሌላውን ስህተት ሰምቶ ካላረመ እራቱ የማይወርድለት። የነገሌ ቦረናው ክቡር መምህር ጣሰው ነበሩ። የሳይንስ አስተማሪው መምህር ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛውን አርመዋል፤ አስከሬኑ ገና አልወጣም ነበር። ቸርች ውስጥም ሰባኪው "ዮናስን የዋጠው ዓሣ ነባሪ" ሲሉ ከኋላ ወንበር ተነስተው፣ "መጽሐፉ የሚለው ትልቅ ዓሣ ነው" ብለዋል።

ሚስታቸው ዘርፈሽ የክሊኒክ ረዳት ነርስ ናት፤ ወጥ ስትጨልፍ ሳይቀር ስትታረም የኖረች። "አንድ ቀን እንኳ ልክ ነሽ ብትለኝ ምን ይጎድልብሃል?"

"ልክ ስትሆኚ እልሻለሁ።"

ዝናብ በጣለ ቁጥር መምህሩ በጭነት መኪና ወደ ወደራ ደን ይወጡና ከዛፎቹ ግንድ ላይ አረንጓዴውን ለምለም ነገር ፍቀው ይመለሳሉ። ሰዉ የዛፍ ሽበት ይለዋል። "ሽበት አይደለም! ሽበት ግራጫ ነው፣ ይንጠለጠላል። ይሄ ሞስ ነው፣ ቅጠል አለው!" ፍሬው ከጫፍ የሚወጣውን ለብቻ፣ ከጎን የሚወጣውን ለብቻ ይለያሉ። አንዱ ግን፣ ፍሬው ጠጉራም ቆብ የደፋው፣ ከየትኛውም መጽሐፋቸው ጋር አልገጥም አለ። እስካሁን ማንም ስም አልሰጠውም ብለው አመኑ። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ እንዲጫነው ፍራሽ ስር አስገቡት። ዘርፈሽ ጫካ ላይ ተኛች።

በ1970 የቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። አብዮት ጠባቂዎቹ ፍራሹን ሲያነሱ፣ እርጥቡ ሞስ በጋዜጣው ላይ ፎቷቸው በተደረደረው ባለሥልጣናት ፊት ላይ አረንጓዴ ጺም አብቅሏል። መምህሩ ወደ ቀበሌ ተወሰዱ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሀላኬ ልጆቹን ያስተማሩለት ሰው ነው። ተከትላቸው የመጣችውን ዘርፈሽን አስገብቶ በሩን ዘጋ።

"አካም መምህር። ነገሩ ቀላል ነው። 'ለፍየሎቼ ያመጣሁት የዛፍ ሽበት ነው፣ ፎቶውን አላየሁም' ብለዋል ብዬ አስጽፌያለሁ። የአውራጃው ሰዎች ሳይደርሱ ይፈርሙና ቤትዎ ይግቡ።"

መምህሩ ብዕሩን ተቀብለው አነበቡ። "ፍየል የለኝም።"

"መምህር!"

"ደግሞም ሽበት አይደለም።"

"ያ ዋቃ! ሽበት ይሁን ሌላ፣ ማን ተጎዳ?"

"እኔ ፈርሜ ሽበት ካልኩት፣ ማን ሞስ ይለዋል?"

ዘርፈሽ እግራቸው ላይ ወደቀች። "ስለ ልጆቻችን ብለህ ፈርም!"

መምህሩ ሽበት የሚለውን ሰርዘው ሞስ ብለው ጻፉ። ፍየሎቹን ሊሰርዙ ሲሉ የአውራጃው ላንድሮቨር ግቢ ገባ። ይዟቸው ሄደ። ሞሱን ቀበሌው ግቢ ውስጥ አቃጠሉት፤ ስም ያልወጣለትም አብሮ ነደደ።

ከዓመት በላይ ቆይተው ተመለሱ። ከስተዋል፣ የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። ጠያቂው ተሰብስቦ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ ጨረቃ የመጣለትን ሲያወራ ዋለ። ዘርፈሽ ጥግ ቆማ ባሏ እስኪያርሙ ጠበቀች። አንገታቸውን ደፍተው ሁሉንም ሰሙ።

እንግዳው ሲወጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። "የሌሊት ወፍ እኮ እንቁላል ትጥላለች" አለች።

መምህሩ እጃቸውን አዩ። "ሊሆን ይችላል።"

ማድ ቤት ገብታ ነጠላዋን ነክሳ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ ራት ሲቀርብ፣ አንድ አንድ ስህተት ታቀርብላቸዋለች። እሳቸውም "ሊሆን ይችላል" ብለው ይጎርሳሉ።

ነገ ሸረሪት ስድስት እግር አላት ልትለው አስባለች። በሸረሪትማ ዝም አይልም።