የግራዝማች የምሽት ፎቶግራፍ

ለሁሉ የሚታጠፍ ወገብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ የጎረቤቴ የግራዝማች ነበር። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ እንደገባ ማዕረጉን ከአንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ ጋር ሰጣቸው፤ እሳቸውም ወገባቸውን ሰጡት። ሹም ሲያልፍ እጅ ይነሣሉ። የሹሙ በቅሎ ብቻዋን ስታልፍም እጅ ይነሣሉ። ጨዋ አይደሉ!

እኒህ ሰው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ፎቶግራፍ አማራቸው። በቀንማ ማንም ይነሣል! እሳቸው የፈለጉት በምሽት፣ ጣሊያን አደባባዩ ላይ በተከለው አዲስ መብራት ሥር ነው።

ከአስመራ የመጣው ፎቶ አንሺ ካሜራውን ደግኖ፣ «የማታ ብርሃን ደካማ ነው፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ነው የሚያነሣው፤ በቃ እስክልዎ ድረስ እንዳይነቃነቁ» አላቸው።

«እኔ? እንደ ዋርካ ነው የምቆመው!»

ወዲያው ሹማምንቱ ራት በልተው ከማዶው ቤት መውጣት ጀመሩ። አንዱ ብቅ ሲል ግራዝማች እጥፍ። ቀና ሳይሉ ሌላው ብቅ፤ አሁንም እጥፍ።

«ኧረ ግራዝማች፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ!»

«ቆሜያለሁ እኮ!» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ፎቶግራፉ ታጥቦ መጣ። የመብራቱ ምሰሶ ጥርት ብሏል። ጫማውም እስከ ማሰሪያው ጥርት ብሏል። ከወገብ በላይ ግን ጭጋግ ብቻ ነው።

ግራዝማች ምን ተዳቸው! ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው፣ ግድግዳው ላይ እንድትሰቅለው ለሚስታቸው ሰጧት። እሷም ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አገላብጣ አየችውና፣

«ጫማውንስ አወቅሁት፤ ሰውየው ማን ነው?» አለች።