መያዣው ማን ጋ ነው?

(የሶፋ ሰሪ ሱቅ። ሶፋ ሰሪውና የሚስቱ ታላቅ ወንድም ከባድ የስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ግራና ቀኝ ይዘዋል። ፍርድ ቤት የሶፋ ሰሪውን ኪሳራ ያወጀው ትናንት ነው።)

አማች፦ በእግሩ በኩል ያዝ አልኩህ እኮ።

ሶፋ ሰሪ፦ አራት እግር አለው ጋሼ፤ የትኛውን ልያዝ?

አማች፦ በር በር የሚያየውን። ዛሬ እኔ ቤት ይገባል፤ የምክሬ ዋጋ ነው። ኪሳራ አሳውጅ ባልልህ ባንኩ ይሄኔ ቆዳህን ገፎህ ነበር።

ሶፋ ሰሪ፦ መኪናው ግን የባንኩ መያዣ ነው።

አማች፦ ነበር በል። ዕዳው ከተሰረዘ መያዣው ምን ይሠራል?

ሶፋ ሰሪ፦ እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር። ዳኛው ግን ዕዳው ካንተ ላይ ወረደ እንጂ መያዣው ከመኪናው ላይ አልወረደም አሉኝ።

አማች፦ የስፌት መኪና ምን ዕዳ ያውቃል? ደመወዝ አለው?

ሶፋ ሰሪ፦ የለውም።

አማች፦ ታዲያ ከምኑ ይከፍላል?

ሶፋ ሰሪ፦ ራሱ ተሸጦ ነዋ። ባንኩ ከእንግዲህ እኔን ክፈል አይለኝም፤ መኪናውን ግን ካለበት ወስዶ ይሸጠዋል። እርስዎ ቤት ከገባም እርስዎ ቤት ይመጣል።

አማች፦ (የያዘውን ጫፍ ቀስ ብሎ ወደ መሬት እያወረደ) እኔ ቤት?

ሶፋ ሰሪ፦ ሳሎን ድረስ።

አማች፦ በል አስቀምጠው፤ ወገቤንም አሞኛል።

ሶፋ ሰሪ፦ እኔማ መኪናው ከሄደ ልጆቼን በምን ላበላ ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ባንኩን ሄጄ ለመንኩ። የመኪናውን ወርሃዊ ክፍያ ካላቋረጥክ አንነካውም አሉኝ፤ እሺ ብያለሁ።

አማች፦ አንተ ሰውዬ፣ ጭራሽ ትከፍላለህ? ጨርቅ ነጋዴው፣ ስፖንጅ አቅራቢው፣ ሁሉም ባዶ እጃቸውን ቀርተው የለም እንዴ?

ሶፋ ሰሪ፦ እነሱ መያዣ አልያዙማ። እንዲሁ አምነውኝ ነው የሰጡኝ።

አማች፦ የእጃቸውን አገኙ። ያለ መያዣ የሚያበድር ሰው ጅል ነው።

ሶፋ ሰሪ፦ እንደሱ አይበሉ ጋሼ፣ ነውር ነው።

አማች፦ ጅል ነው አልኩህ፣ የጅል መጨረሻ። በል እሱን ተወውና፣ አሁን ካበዳሪ ተገላግለሃል፤ የኔን ብር መቼ ነው የምትመልሰው?

ሶፋ ሰሪ፦ የእርስዎን ብር?

አማች፦ አዎ፣ ያበደርኩህን።

ሶፋ ሰሪ፦ የእርስዎም አብሮ ተሰርዟል።

አማች፦ የኔ? የኔማ የቤተሰብ ነው።

ሶፋ ሰሪ፦ ዳኛው የሚቃወም አበዳሪ አለ ወይ ሲሉ፣ ከኋላ ብድግ ብለው «ማንም የለም፣ ክቡር ዳኛ» ያሉት እርስዎ አይደሉ?

አማች፦ (ሶፋው ላይ ዘጭ ብሎ) ባንኩን ላሳፍር ብዬ ነዋ። አንተስ ዝም አልክ?

ሶፋ ሰሪ፦ ኧረ አላስቻለኝም። እርስዎ ስልክ ሊያወሩ ሲወጡ፣ የሚስቴ ወንድም አሉ፣ የሳቸው ብቻ ይትረፍልኝ ብዬ ለመንኩ። ዳኛው «መያዣ ይዘዋል?» አሉኝ።

አማች፦ ምን አልካቸው?

ሶፋ ሰሪ፦ እውነቱን ነዋ። ኧረ ምንም አልያዙም፣ እንዲያውም እህታቸውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው አልኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁና «እንግዲያው መያዣውን የያዝከው አንተ ነህ» አሉኝ።