ጋሽ ማህጁብ ዝም ያሉ ዕለት

በቅድሚያ ይቅርታ። እኔ ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ አሁንም ረዘም ያለ ቃል ሲመጣብኝ ዳገት እንደያዘ ባጃጅ ማርሽ እቀይራለሁ። አስተማሪያችን ሐሴት "ስለምታውቁት ሰው ጻፉ" ባትለን ኖሮ እጄን ከመሪው ላይ አላነሳም ነበር። ስህተት ካገኛችሁ እንዳላየ እለፉት። ብቻ አደራ፣ የጀመርኩትን ነገር አትጨርሱልኝ። ለእሱ ሰው አለኝ።

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየለቅሶው፣ ሌላው የጀመረውን ንግግር የሚጨርስ አንድ ሰው የግድ አለ። መንግሥት አይመድበው፣ ሕዝብ አይመርጠው፤ ግን የትም ቦታ ጎድሎ አያውቅም። ለአሶሳ የደረሱን ክቡር ጋሽ ማህጁብ ናቸው።

ክቡርነታቸው ገበያው ውስጥ ገመድና ጀሪካን ይሸጣሉ። ይሄ ግን የትርፍ ሰዓት ሥራቸው ነው። ዋናው ሥራቸው፣ ሰው አፉን ገና ሲከፍት እጃቸውን ከፍ አድርገው "ኸላስ! በቃ፣ ልትል የፈለግከው ገብቶኛል" ማለት ነው። በበርታ ቋንቋ ይጨርሱልሃል፣ በኦሮምኛ ይጨርሱልሃል፣ በአማርኛ ይጨርሱልሃል፣ ካስፈለገም አረብኛ ይጨምሩበታል። በትክክል እጨርሳለሁ ብለው ግን ለማንም ቃል አልገቡም።

አናጢው በቃሉ ጉልበቱን አሞት ሐኪም ቤት ሲሄድ አብረውት ሄዱ። "ዶክተር፣ ሌሊት ሌሊት እዚህ ጋ..." ከማለቱ፣ "ጨጓራው ነው" አሉ። የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ያነክሳል፤ ጨጓራው ግን እንደ ብረት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ባጃጄ ውስጥ ከአጠገቤ ተቀምጠው ሳለ፣ ከድባጤ የመጣች ሴትዮ ከኋላ "እዚህ ጋ..." አለች። "ወራጅ አለ፣ ቁም" አሉኝ። ቆምኩ። ሴትዮዋ ከነዘንቢሏ ወረደች። "እዚህ ጋ የእህቴ ቤት ነበር" ልትል ኖሯል፤ የምትሄደው ግን ገና ሩቅ ነው።

እኔማ ለእሳቸው የተፈጠርኩ ነኝ። ስናገር እሰናከላለሁ፤ ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል። ባጃጅ የወደድኩትም ተሳፋሪው ከጀርባ ስለሚቀመጥ ነው።

ከመናኸሪያው ማዶ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ ቀነኒ የምትባል ልጅ አለች። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን "ሻይ... ስኳሩን..." ስል፣ ጋሽ ማህጁብ ከጎኔ "ቀንሺለት፣ አይወድም" አሉ። እኔ ስኳር እወዳለሁ። ማንኪያ የሚያቆም ሻይ ነው የምወደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት እሬት እየጠጣሁ አለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድፍረቴን አጠራቅሜ፣ "ቀነኒ፣ እኔ አንቺን..." ብዬ ጀመርኩ።

"ገብቶኛል" አሉ ጋሽ ማህጁብ። "ሌላ ብርጭቆ ልጠይቅሽ ነው የሚለው።"

ሁለተኛ እሬት ቀረበልኝ።

የትምህርታችን መዝጊያ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሐሴት አስቂኝ ቲያትር ጽፋልናለች። አንድ ሰውዬ ነዳጅ ወረፋ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በሕልሙ ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ ሰው ቤት ተልኳል፤ ማን እንደላከው፣ የትኛዋን ልጅ እንደሚጠይቅ ግን አያውቅም። ሰውዬውን የሚሠራው አብሮን የሚማረው ጃለታ ነው። ጋሽ ማህጁብ ጽሑፉን ይዘው ከመጋረጃ ጀርባ ንግግር ለጠፋበት ሹክ ይላሉ። ለዚህ ሥራ ሌላ ሰው ማሰብ ነውር ነበር። እኔ መጋረጃውን በገመድ እስባለሁ፤ ገመዱም ከእሳቸው ሱቅ ነው።

ሰው አዳራሹን ሞልቶ ሳለ ጃለታ ከቶንጎ መንገድ ላይ ደወለ። የተሳፈረበት መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ሐሴት ፊቷ ጠቆረ። የሽማግሌውን ጋቢ አንስታ ትከሻዬ ላይ ለካችው።

"ኧረ እኔ መጋረጃ እስባለሁ እንጂ፣ መድረክ ላይ መውጣት..." አልኩ።

"ደስ ይለኛል ነው የሚለው" አሉ ጋሽ ማህጁብ።

መጋረጃውን ማን እንደከፈተው እስካሁን አላውቅም። የእኔ ሥራ ነበር።

እንዲህ ያለ ሕልም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያልተማራችሁትን ፈተና ተቀምጣችሁ፣ ሁሉም ሰው እናንተን ሲያይ? እኔ በጠራራ ፀሐይ አየሁት። የልጅቷ አባት የሆነው በቃሉ እያነከሰ መጣና "ግቡ፣ ተቀመጡ" አለኝ።

ቆምኩ። የሚቀጥለውን አላውቀውም።

"ኧረ ተቀመጡ፣ አባቴ።"

የጋቢውን ጫፍ ጨብጬ ቆምኩ።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ "ሰውዬ፣ ወንበሩ አይናከስም" አለ። አጠገቡ ያሉ አዛውንት ተቆጡት፦ "ዝም በል። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር ይቀመጣል እንዴ? ወግ የሚያውቅ ሰው ነው የላኩት።" አዳራሹ አጨበጨበ። ፍርሃቴ ወግ ማወቅ ሆነልኝ።

"እሺ፣ ምን እግር ጣላችሁ?" አለ በቃሉ።

"የመጣነው..." አልኩና ወደ መጋረጃው ጠርዝ አየሁ። ጋሽ ማህጁብ ጽሑፉን ይዘው ቆመዋል። ከንፈራቸው ግጥም ብሏል። በዓይኔ ለመንኳቸው። ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ። ሳልጠይቃቸው ሲጨርሱልኝ የኖሩ ሰውዬ፣ ስለምናቸው ዝም።

"የመጣነው... ልጃችሁን ለመጠየቅ ነው።"

"ልጆች ሞልተውናል። የትኛዋን?"

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቀነኒን አየኋት። አፌ ቀደመኝ።

"ሻይ የምታፈላዋን።"

ቲያትሩ ውስጥ ሻይ የምታፈላ ልጅ የለችም። እናትየዋን የምትሠራው በለጡ ግን ፈጣን ናት። "ሻይ የምታፈላ አልወለድንም" አለች፣ "ካስፈለገ ግን ዛሬውኑ እናሠለጥናለን።"

በቃሉም ሳቁን እየዋጠ "ለመሆኑ ሻይዋ እንዴት ነው?" አለኝ።

"መራራ ነው" አልኩ። "ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ስኳር እንደምወድ ነግሬያት አላውቅም። ሌላም ያልነገርኳት ነገር አለ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀነኒ ግን አልሳቀችም። ሻርፗን ወደ አፏ አስጠግታ ታየኝ ነበር።

ሲያልቅ ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ ማህጁብን ያዝኳቸው። "ጽሑፉ እጅዎ ላይ አልነበረም እንዴ?"

"በቃሌ ነው የማውቀው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

ወረቀቱን አጠፉት፣ ዘረጉት። "ልትል የፈለግከው አልገባኝም ነበር" አሉ። "እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ልስማው ብዬ ነው፣ ያ ወለድ።" ልጅ ሆይ ማለታቸው ነው፤ ሲወዱኝ እንዲያ ይሉኛል።

ያን ጊዜ ከባምባሲ የመጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። የባጃጅ ማኅበሩ ሰዎች ፊት "እኔ..." ብዬ ተገትሬ ስቀር፣ "ጎበዝ ሹፌር ነኝ ነው የሚለው" ያሉልኝ እሳቸው ናቸው። ጎበዝ አልነበርኩም። እሳቸውን ውሸታም ላለማሰኘት ብዬ ጎበዝ ሆንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጄን አጥቤ ቀነኒ ጋ ሄድኩ። ጋሽ ማህጁብ እንደ ልማዳቸው ቀድመውኝ በርጩማቸው ላይ ናቸው። ቀነኒ የስኳሩን ጣሳ ከድና እጇን ላዩ ላይ አድርጋለች።

"ዲማ፣ ታኢ" አለችኝ በስሜ ጠርታ፤ በኦሮምኛ ተቀመጥ ማለቷ ነው።

"ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም" አልኳት።

ጋሽ ማህጁብ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አፋቸውን ከፈቱ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አንዱን ፓስቲ እንዳለ ጎረሱት።

እኔም "ቀነኒ፣ እኔ አንቺን..." ብዬ ጀመርኩ፤ ጨረስኩትም። የስኳሩን ጣሳ ከፈተችው። ያኔ ተቀመጥኩ።