ልጄ በቴሌቪዥን የተደባደበች ዕለት

ልጅ ያላችሁ ሁሉ የምታውቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጅህ ምን ትሠራለች?» የሚባለው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን ፈልጎ አይደለም የሚጠይቀው፤ ስለ ራሱ ልጅ ለማውራት ተራ እየያዘ ነው። ቢሆንም መልስ መስጠት ግድ ነው። ያውም አጭር መልስ፣ የሰማው ሰው እንደ ሃይማኖቱ «ማሻአላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የሚያልፈው። ሐኪም ናት። ባንክ ናት። ካናዳ ናት። ካናዳ ራሱ የሥራ መስክ ከሆነ ቆይቷል።

የእኔ መልስ «ሒሳብ ሠራተኛ ናት» የሚል ነበር። ውሸት እንዳይመስላችሁ። ሐያት በሒሳብ አያያዝ ተመርቃለች፤ ጋውን የለበሰችበት ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ፣ ማንም እንግዳ ሳያየው እንዳያልፍ ተደርጎ ተሰቅሏል። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ጂም ውስጥ እንደምትውልም እውነት ነው። እኔ ያደረግሁት ሁለቱን እውነቶች ማጋባት ብቻ ነው። የተውኳት አንዲት ትንሽ ነገር፣ ልጄ የጂሙን ሒሳብ ነክታው የማታውቅ መሆኗን ነው። ልጄ እዚያ የምትውለው ለመደባደብ ነው።

ሚክስድ ማርሻል አርት ይሉታል። ቦክሱም፣ ርግጫውም፣ ትግሉም፣ አንገት ማነቁም ባንድ ላይ የተፈቀደበት፣ በሽቦ በታጠረ መድረክ ውስጥ የሚደረግ ውድድር ነው። በእኛ ጊዜ ከዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ያደረገ ልጅ «ወላጅ አምጣ» ይባል ነበር። ዛሬ ሁሉንም ላደረገው ካሜራ ያመጡለታል።

እኔ ሰይድ እባላለሁ። ከወሎ መጥቼ ገርጂ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የከፈትኩ፣ ሰው የሚያውቀኝ፣ ሰው እንዲያውቀኝም የምፈልግ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ዘሃራ የልጃችንን ነገር ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። እኔ ስሰማ አልከለከልኩም፤ አልፈቀድኩምም። ዝም አልኩ። ዝምታዬንም እንደ ትልቅ ትዕግሥት ቆጥሬ ራሴን ሳደንቅ ኖርኩ። ደሴ ያለው ወንድሜ ሲደውል ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሒሳብ ሠራተኛ» እላለሁ፤ ጎረቤት ቢሰማም አይጎዳም።

ጎረቤት ደግሞ ብዙ ነገር ያያል። ሐያት ጂም ከመሄዷ በፊት ሙሉ የውሃ ጄሪካን ተሸክማ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ በሩጫ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ እንደገና ትወጣለች። ውሃ በጠፋ ሰሞን ማንም ልብ አላላትም። ቧንቧው እየፈሰሰ ስትሮጥ ያዩዋት ጎረቤቶች ሲጠይቁኝ «መጠንቀቅ ትወዳለች» አልኳቸው።

እንግዲህ ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ሐያት ሳሎን ገባችና ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ የእሑዱ ውድድር በቴሌቪዥን ይተላለፋል። አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ሙሉ እጅጌና ረጅም ታይት ነው የምለብሰው። ለአንተ ብዬ ነው። ትመጣለህ?»

«እሑድ የዕድር ስብሰባ አለብኝ» አልኳት።

ፊቴን ትንሽ አየችው። «እሺ» ብላ ጫማዋን አጥልቃ ልትሮጥ ወጣች። እሑድ ዘሃራ ሻሿን አስራ ከልጇ ጋር ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና «ለዕድሩ ሰዎች ሰላም በልልኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ምንም ነገር አልነበረም። ይህ ነው የሚያስፈራው።

ብቻዬን ቀረሁ። ቴሌቪዥኑ እዚያው ፊቴ ነው። የእኛ ግድግዳ ግን ሳል እንኳ አያስቀርም፤ እሑድ ደግሞ ጎረቤት ሳያንኳኳ የሚገባበት ቀን ነው። ቢገቡና ሐያትን ስክሪኑ ላይ ቢያዩአት ምን እላለሁ? ጂሙ ለኦዲት ልኳት ነው? ተነሣሁና ታክሲ ይዤ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ሄድኩ። አንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ ገባሁ። ሰው ኳስ ሊያይ ሞልቷል፤ ኳሱ ገና ስላልጀመረ ውድድሩን ከፍተው እየተመለከቱ ነው። ጥግ ይዤ ማኪያቶ አዘዝኩ።

ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ልጄ ትልቁ ስክሪን ላይ ብቅ አለች። ፊቷ ከካፌው በር ይበልጣል። ፀጉሯን ሹርባ ተሠርታ፣ ጥርሷ ላይ መከላከያዋን ነክሳ፣ ወደ ካሜራው ቀጥ ብላ ስታይ እኔን ያየችኝ መስሎኝ አንገቴን ሰበርኩ።

ተጋጣሚዋ የአዳማ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቅልጥሟ የማያልቅ፣ ከሕፃንነቷ ቴኳንዶ ስትማር ያደገች። እግሯን ከጆሮዋ በላይ ስታነሣ እኔ እጄን ለሰላምታ እንደማነሣው ነው የሚቀላት። በመጀመሪያው ዙር ሐያትን እንዳሻት ደበደበቻት። ጭኗን መታቻት፣ ጎኗን መታቻት፣ ግራ ዓይኗ ሥር ያረፈው ርግጫ ካፌውን ሁሉ «ኡፍ!» አሰኘው። ወንድሞቼ፣ የልጃችሁን ዓይን ሌላ ሰው ሲረግጠው ከማኪያቶ ኋላ ሆናችሁ አይታችሁ አታውቁም። እንዳታዩም።

ከፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ያደረገ፣ በየካፌው የማይጠፋ ዓይነት አዋቂ ሰው ተቀምጧል። «ዋናው ቴክኒክ ነው» ይላል ላልጠየቀው ሁሉ። «ይቺ አጭሯ ቴክኒክ የላትም። አልቆላታል። ለመሆኑ አባት የላትም እንዴ ይቺ ልጅ?»

«አባት ቢኖራትማ እዚያ ውስጥ ትገባ ነበር?» አለች አስተናጋጇ፣ ትሪዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ። ከዚያ ዞር ብላ ሽበት ያለው እኔ ብቻ ስሆንባት ጊዜ «አይደለም እንዴ አባባ?» አለችኝ።

ሁሉም አዩኝ። «ልጄ ናት» ማለት ይቻል ነበር። «አላውቅም» ማለትም ይቻል ነበር። አፌ ግን እኔን ሳያማክር ተከፈተ።

«አባቷ ሞቶ ይሆናል» አልኩ።

አያችሁ? ልጄን መካድ አልበቃኝም፤ ለጥንቃቄ ራሴንም ገደልኩ።

«ይሆናል» የምትለዋ ቃል ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ ሳትደርስ ወደቀች። «አባቷ ሞቷል አሉ» ተባለ። አስተናጋጇ «ውይ፣ የእኔ እናት!» ብላ አፏን ያዘች። ተፋላሚዎቹ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ሳይነሡ ሐያት የሙት ልጅ ሆና አራት ታናናሾቿን የምታሳድግ መሆኗን እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ሰማሁ። እኔ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም።

ሁለተኛው ዙር ሲጀምር ካፌው በሙሉ የሐያት ደጋፊ ነበር። «አይዞሽ የሙት ልጅ!» እያሉ ይጮኻሉ። የአዳማዋ ልጅ አሁንም ትመታለች፤ ሐያት ግን ወደ ኋላ አትልም። እየተመታች ትጠጋለች፣ ተጠግታ ሽቦው ላይ ትለጥፋታለች፣ ክብደቷን በሙሉ ጥላባት ትተነፍሳለች። ረጋ ብላ፣ በአፍንጫዋ። እኔ የማውቀው አተነፋፈስ ነው፤ ከደረጃ ወርዳ በራችንን ስትከፍት የምሰማው። በዙሩ ማብቂያ የአዳማዋ ልጅ አፏን ከፍታ ነበር።

በሦስተኛው ዙር ያ የሚያምር እግር ዘገየ። ልጅቷ የምታውቀው አልጠፋባትም፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ከዓይኗ ይነበባል፤ ሰውነቷ ግን አልታዘዝ አላት። ሐያት ደግሞ ጉልበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመጣውን እግር አየር ላይ ቀለበችው፣ የቆመውን ጠለፈችው፣ አብራት ወደቀች፣ እኔ እንዴት እንደሆነ ሳይገባኝ የልጅቷ ጀርባ ላይ ተገኘች፣ ክንዷን ከአገጯ ሥር አስገባች። የአዳማዋ ልጅ የሐያትን ክንድ መታ መታ አደረገች። በቃኝ ማለት ነው። ዳኛው ዘሎ ገባ። ልጄ እጇን ለድል ከማንሣቷ በፊት ጎንበስ ብላ የተሸነፈችውን ልጅ ጉንጭ ይዛ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ደህና ነሽ ወይ ያለቻት ይመስለኛል።

ካፌው ተነቃነቀ። ባለመነጽሩ ሰውዬ «መጀመሪያም ብያለሁ፤ ዋናው ትንፋሽ ነው!» ካለ በኋላ ዓይኑን እየጠረገ «ምነው አባቷ በሕይወት ኖሮ ይሄን ባየ!» አለ።

እኔም ብድግ አልኩ። «አባቷ እኔ ነኝ!» አልኩ።

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

«እኔም አጎቷ ነኝ!» አለ አንዱ።

«እኔ እጮኛዋ!» አለ ሌላው።

«አባባ፣ ሞቷል ያሉን እኮ እርስዎ ነዎት» አለች አስተናጋጇ። «ለነገሩ ዛሬ የሁላችንም ልጅ ናት።» በፍቅር ትከሻዬን ነካ አድርጋ አስቀመጠችኝ።

ይህም ሁሉ ባልከፋ። ስክሪኑ ላይ ጋዜጠኛው ማይኩን ለሐያት ዘረጋ፤ ማንን ታመሰግኛለሽ አላት። ግራ ዓይኗ ተዘግቷል። «እናቴን፤ እዚህ አለች» አለች እያለከለከች። «አባቴንም። ዛሬ ስብሰባ ስላለበት ነው እንጂ ይመጣ ነበር።»

ባለመነጽሩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «በሕይወት አለ እንዴ? ልጁ ይሄን ስትሠራ እሱ ስብሰባ? ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ካፌው በሙሉ በእኔ ላይ ተነሣ። ያልተባልኩት የለም። በመሃል አስተናጋጇ ቀስ ብላ ዞረችና ፊቴን ታየው ጀመር፤ አፍንጫዬን፣ ግንባሬን። ሐያት መልኳ ቁርጥ እኔን ነው።

«አባባ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቅድም ያሉት የእውነትዎን ነው?»

«ቀልዴን ነው» አልኩ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። እስከ ገርጂ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ያየኝ ይሆናል ብዬ።

እናትና ልጅ ሲመሻሽ ገቡ። ሐያት እያነከሰች ሄዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «ስብሰባው እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ደህና ነው» ከማለቴ ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ ገቡና ዓይኗን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«በር መታኝ እትዬ ጽጌ» አለች ሐያት።

ለማሰብ እንኳ አልቆየችም። ቃሉ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ይህች ልጅ እኔን ለማስከበር ስትል ስንት ጊዜ በር መታኝ፣ ስንት ጊዜ ደረጃ አዳለጠኝ ብላ ለሰው ተናግራ ይሆን? ዘሃራ ምንጣፉን ታያለች።

«በር አይደለም» አልኩ። «ተጋጥማ ነው። በቴሌቪዥን። አሸነፈች።»

እትዬ ጽጌ አልደነገጡም። «አውቃለሁ እንጂ ጋሽ ሰይድ! ብሎኩ በሙሉ አይቷታል፤ እኔ በመጨረሻው ዙር ወንበር ላይ ቆሜ ነበር። እርስዎ ያፍራሉ ብለን ነው ይኸው እስከ ዛሬ ሒሳብ ሠራተኛዋ የምንላት።» ሐያትን ግንባሯን ስመው ወደ በሩ ሄዱና አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ይልቅ የምን ስብሰባ ነው ያለችው? እኛ ዕድር ዛሬ ስብሰባ የለም።»

በሩ ተዘጋ። ልጄን ማየት አልቻልኩም።

«አውቄ ነው» አለች ሐያት፣ ሳልጠይቃት። «ስብሰባ እንደሌለህ ዓርብ ዕለትም አውቄያለሁ። በቴሌቪዥን ያልኩት ሰው አባቷ የት አለ እንዳይል ብዬ ነው።»

ዘሃራ ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። እኔ «አይቼሻለሁ» አልኩ። «መድኃኔዓለም ጋ፣ ካፌ ሆኜ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

ደህናው ዓይኗ በራ። እብጠቱ እንደሚያማት ሳታስብ ፈገግ አለች። «የእውነትህን? ሰው ነበረ?»

«ሞልቶ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«ወደዱሽ። አንዱማ አለቀሰ።»

«አንተስ?» አለች፣ እንደ ሕፃንነቷ እግሮቿን ሶፋው ላይ እየሰበሰበች። «አንተስ ምን አልክ አባዬ?»

እውነቱን ልነግራት ነበር። ወላሂ ልነግራት ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ሻይ ላምጣልሽ?» አልኩ።

«አምጣልኝ፤ ስኳር ግን አታብዛበት» አለች። ኪሎዋን ትጠብቃለች።